የዝምተኛዋ ካሊና ጩኸት

ይድረስ ለወንድሜ ለስቶይል፤

እንደምን ከርመሃል? የኖርዌይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ዓሣ ስትቆርጥ የሚደነዝዙት ጣቶችህስ፣ ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ዛሬ ደኅና ነን። «ዛሬ» ያልኩት አውቄ ነው፤ የደበቅንህ ነገር ነበር። ሳትደነግጥ አንብብ፤ ልጅህ ደኅና ናት።

ካሊና እንደተወለደች ከተረከዟ የተወሰደው ደም የሆርሞን ጉድለት ስላሳየ፣ ድጋሚ እንድትመረመር ከሆስፒታል ደውለው ነበር። ስልኩን ያነሣችው እማዬ ናት። አርባ ቀን ሳይሞላት አራስ ከነልጇ ደጃፍ አትወጣም፣ ዓይን ይበላታል ብላ ዘጋችባቸው። ለሚስትህ ለኔዳ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ከፕሎቭዲቭ ስመጣ ደግሞ በኩራት፣ «እንዲህ ያለች ወርቅ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? አታለቅስ፣ አትረብሽ፣ ጡት እንኳ በልመና ነው! ቱ ቱ፣ ከዓይን ያውጣት» አለችኝ። ሳያት ቆዳዋ ደርቋል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ምላሷ ከአፏ ወጣ ብሏል። ከሆስፒታል የደወለ የለም ወይ ብላት፣ «አንዷ ደውላ ነበር፤ ልኳን ነግሬያታለሁ» አለችኝ።

አንተ «የሴል እረኛ» እያልክ የምትቀልድበት ሥራዬ ይኼኔ ጠቀመኝ። አንጎል ውስጥ የነርቭ ክሮችን እየጠቀለሉ የሚደግፉ ሴሎች አሉ። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚልከው ሆርሞን ሴሉ ውስጥ ይገባና እስከ አስኳሉ ዘልቆ «መባዛቱ ይብቃህ፤ እደግና ሥራህን ጀምር» ይለዋል። መልእክቱ ካልደረሰው እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ተጎልቶ ይቀራል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን ስንቴ አይቻለሁ፤ ሴሎቹ ያሉበትን ሳህን ደፍቼ ሌላ እጀምራለሁ። የካሊና አንጎል ግን አንድ ነው።

ጮኽኩ። እማዬም፣ «አንቺ ሳትወልጂ ልጅ ማሳደግ ልታስተምሪኝ ነው?» ብላ ተነሣችብኝ። ኔዳ ግን ነገሩ ሲገባት ካፖርቷን ደረበች። እማዬ ይህን ስታይ ለዘብ አለች። «እሺ፣ እንዳሻችሁ! ግን እንዲሁ ባዶዋን አትወጣም» ብላ የልጅቷን ሸሚዝ ገልብጣ አለበሰቻት፣ ክንዷ ላይ ቀይ ክር አሰረች፣ ግንባሯን ጥላሸት ቀባች፤ ከዚያም ከሁላችን ቀድማ መኪና ውስጥ ገባች። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጥላሸቱን አይታ ሳቀችና፣ «አይዞሽ እማማ፣ የኔንም ልጅ እናቴ ቀብታታለች» አለቻት። እማዬ ያኔ ነው የነርሷን እጅ ይዛ ያለቀሰችው።

በደሟ ውስጥ የተገኘው ሆርሞን ከምንም አይቆጠርም ነበር። ሐኪሙ ግን፣ «በጊዜ ደርሳችኋል፤ ኪኒኗን ሳታቋርጡ ከሰጣችኋት እንደ እኩዮቿ ታድጋለች» አለን። ተመስገን፣ ስቶይል! ያን ሌሊት እፎይ ብዬ ተኛሁ። ኪኒኗን ፈጭታ፣ በእናቷ ወተት በጥብጣ በማንኪያ የምትሰጣት እማዬ ናት፤ ሌላ ሰው አታስነካም። እንዳትቆጣት፤ ራሷን የሚበቃትን ያህል ተቆጥታለች።

ኔዳ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ወዟ ተመልሷል። አባዬ ንቦቹ ክረምቱን እንዳለፉ ንገሪው ብሏል። አብረውህ ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከካሊና ሰላምታ አልጽፍልህም፤ አሁን ከእንቅልፏ ነቅታ መንደሩን በጩኸት እያናወጠችው ነው። እማዬም ጎረቤት ሁሉ ይስማልኝ ብላ መስኮቱን ከፍታለች።

እህትህ ራይና
ከስሞልያን አጠገብ፣ ከእናት ከአባታችን ቤት
መጋቢት 12 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.