ተራ ቁጥር 19

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ነፋስ። ልምምዱን ለመቅረጽ እንደ ሁልጊዜው ስልኬን እንጨት ላይ አስሬ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጣሁ። የቃሊቲ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ ሜዳው በአቧራ ይጠፋል። ግማሹ ቪዲዮ ጭጋግ ነው።

በረኛችን ሀብተሚካኤል ከታች ይጮሃል፦ «ማሂ! ስወረወር ቀርጸሻል? ካልቀረጽሽ አልደግመውም!»

ስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ስድስት ወር ቤት ተቀመጥኩ፤ አሁን ለሦስት ወር ሙከራ እዚህ እግር ኳስ ክለብ። አሰልጣኛችን ጋሽ ተክሌ «ካልኩሌተር ጎል አያገባም» ይሉኛል። ያያሉ!

ትናንት 1 ለ 0 ተሸነፍን። የመሐል ተከላካያችን ደርዊሽ ለበረኛው የመለሳት ኳስ አጠረች… ጎል። አባቱ ሲኖትራክ ነጂ ናቸው። እሑድ እሑድ መኪናቸውን ከሜዳው አጥር ሥር አቁመው፣ ልጃቸው ኳስ በነካ ቁጥር ክላክስ ያደርጋሉ። ከጎሉ በኋላም አደረጉ። ደርዊሽ ግን ቀና ብሎ አላየም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

መጠይቁን ጀመርኩ! እንቅልፍ፣ ድካም፣ ሕመም፣ ስሜት፣ በራስ መተማመን። ከ1 እስከ 5 መስጠት ነው፤ 5 በጣም ጥሩ። ከታች ደግሞ አንድ ባዶ መስመር፣ መናገር የፈለጉት ካለ። ስም የለውም። ለሃያ ሁለቱም ቁጥራቸውን በየጆሯቸው ነገርኳቸው።

«የማን ቁጥር የማን እንደሆነ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

«ኮችም?» በረኛው ሀብቴ ነው።

«ጋሽ ተክሌም።»

«በእናትሽ?»

«በእናቴ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አብዛኛው ቀልድ ነው። አንዱ ባዶው መስመር ላይ «ምሳ ይሻሻል» ብሏል። 19 ቁጥር ግን… እንቅልፍ 2። በራስ መተማመን 1። ከታች ደግሞ፣ እርሳሱን ተጭኖ፦

«ኳሷ ወደኔ ስትመጣ፣ ምነው ሌላ ሰው ጋ በሄደች እላለሁ።»

19 ደርዊሽ ነው።

ልቤ ዘለለ። ሰው በሌላው ፍርሃት ይደሰታል እንዴ? ግን መጠይቁ ሠራ! ቆጠራዬም ይኸንኑ ይላል። በፊት በአንድ ጨዋታ ወደፊት የሚሰጠው ኳስ 30 ገደማ ነበር። የዚህ እሑድ 9።

ይህን ሰው መርዳት ይቻላል። የተማርኩት ለዚህ አይደል?

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ልጻፈው።

ጋሽ ተክሌ ዛሬ ራሳቸው ጠሩኝ። «እስቲ ያንን ጥናትሽን አምጪው።» ለመጀመሪያ ጊዜ! ደስ ብሎኝ ማጠቃለያውን ሰጠኋቸው። ባዶው መስመር ላይ የጻፉትም ገብቶበታል፤ ስም የለው፣ ተራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ምን ችግር አለው ብዬ።

አነበቡት። 19 ላይ ቆሙ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የስም መቆጣጠሪያውን አወጡ። ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት ስም የጠሩ ሰው ናቸው… በእርሳሳቸው ጫፍ ከላይ ወደ ታች ወረዱ።

«አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት… ደርዊሽ።»

ቁጥሩን ያወጣሁት ከዚያው ዝርዝር ነበር። በሀ ሁ ተራ። ሀብተሚካኤል 1 ብዬ ጀምሬ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ማደባለቅ አላሰብኩም። አራት ዓመት ተምሬ!

«ጋሽ ተክሌ እባክዎ፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«እኔ ባዳ ነኝ እንዴ? አባታቸው አይደለሁ?»

«ለማንም እንዳይነግሩ ነው…»

«አይዞሽ ልጄ። ጎበዝ ነሽ።»

ጎበዝ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

መልበሻ ክፍል። አሰላለፉን ተናገሩ፤ ደርዊሽ የለበትም። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምናለ?

«ደርዊሽ ዛሬ ያርፋል። ልቡ ፈርቷል። ኳስ እንኳን ሲመጣበት ሌላ ሰው ጋ በሄደ እያለ ነው። ይኸን የደረስንበት በማህሌት ጥናት ነው። አጨብጭቡላት!»

እሳቸው አጨበጨቡ። ብቻቸውን።

ሃያ አንድ ሰው እኔን አየ። ደርዊሽ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረው። እንደገና ፈታው።

0 ለ 0። ክላክስ አልተሰማም። አባትየው ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

በሩ ላይ ጠበቅኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር… በሰደበኝ።

«ደርዊሽ፣ እኔ…»

«አውቃለሁ። ሆን ብለሽ አይደለም።»

ባጃጅ አለፈ፣ ሌላ ባጃጅ አለፈ።

«ለሚስቴ እንኳን አልነገርኳትም ነበር» አለኝ። «ወረቀት ስለሆነ ነው የቀለለኝ።»

ሦስት ቀን የሠራሁትን ቪዲዮ አሳየሁት። ዘንድሮ ወደፊት ከሰጣቸው ኳሶች ምርጥ ምርጦቹን፣ አሥራ አራት። ስልኬን በሁለት እጁ ይዞ ጨረሰው። ከመጀመሪያው ጀመረው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ለኮች አሳዪልኝ እስቲ። ከክለቡ የሚለቀቁት ዝርዝር ሳይወጣ። ከዚህ ከወጣሁ በሃያ ስምንት ዓመቴ ማን ይፈልገኛል?»

አሳያለሁ አልኩት። ቃል እገባለሁ ልል ነበር። አፌ ላይ ቀረ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

አንድ ሳሙና ፋብሪካ ሜዳ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን፤ ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ጋሽ ተክሌ ቢሮ ተመላለስኩ። ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ተገኙ። እስከ መጨረሻው አዩት። ልባቸው ተነክቷል፣ ገብቶኛል።

«ቆንጆ ነው» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ግን ይሄ ድሮ ነው ልጄ። አሁን 9 ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

«አንድ ጨዋታ ነው እኮ ጋሽ ተክሌ! በአንድ ጨዋታ አይፈረድም። ፍርሃትም ይታከማል። ስድስት ሳምንት ቢሰጡን፣ እኔ አብሬው…»

«ስድስት ሳምንት ቆይቼ ከሊጉ ብወርድ፣ የክለቡ ኮሚቴ ለእኔ ሳምንት ይሰጠኛል?»

ማታ የዩኒቨርሲቲ ማስታወሻዬን ሁሉ ገለበጥኩ። ለዚህ ገጽ የለውም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዝርዝሩ ተለጠፈ። አንድ ስም ብቻ። ደርዊሽ።

ቪዲዮውን ላክሁለት። አይቶታል። አልመለሰም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ሙከራዬ አልቆ የቅጥር ደብዳቤ ተሰጠኝ። «የዳታና የሥነ ልቦና ባለሙያ።» ማኅተም ያለው።

ጠዋት ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ፣ ሃያ አንድ። ቁጥሮቹን ባለፈው ሳምንት አደባልቄያለሁ፤ ዝርዝሩንም ቤት ነው የማስቀምጠው። አሁን…

እንቅልፍ 5። ድካም 5። ሕመም 5። ስሜት 5። በራስ መተማመን 5። ሃያ አንዱም። ባዶው መስመር ባዶ ነው። ስለ ምሳ እንኳን የጻፈ የለም።

ጋሽ ተክሌ ወረቀቶቹን እያገላበጡ ፈነደቁ። «አየሽ? የታመመው ጥርስ ሲነቀል አፉ በሙሉ ጤነኛ ሆነ! ለኮሚቴው አቅርቢው።»

«ውሸት ነው ጋሽ ተክሌ። ፈርተው ነው።»

«የት አለ? ቁጥሩ ላይ አሳዪኝ።»

የለም። ቁጥሩ ላይ የለም።

ከልምምድ በፊት ከማማው ላይ ሆኜ ሀብቴን አየሁት። ከአጥሩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ያስመልሰዋል። ወርጄ ሮጥኩ።

«ምን ሆነህ ነው?»

አፉን በጓንቱ ጠረገ። «ምንም።»

«ሀብቴ፣ ለእኔ ንገረኝ…»

«ማህሌት፣ ወረቀቱ ላይ ስንት አልኩ?»

«አምስት።»

«በቃ። አምስት ነኝ።»

ማሂ አላለኝም።

ስመለስ ታክሲው ከቀለበት መንገዱ በታች መጋዘኖቹ ጋ ቆመ። የደርዊሽ አባት ሲኖትራክ እዚያ ቆሟል፤ ደርዊሽ ሸራውን እያሰረ ነው። በመስኮት ልጠራው እጄን አነሳሁ። ምን ብዬስ?

እማዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፣ እልል አለች፣ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችው መሰለኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት ዋልሽ ግን?»

«አምስት» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ደህና ነኝ ማለቴ ነው።»