ከባንሲዳር ጠረጴዛ ላይ የረገፉት አበቦች

ውድ ወንድሜ ተሕሲን፣

ይህን ደብዳቤ ስታይ መጀመሪያ የምታስበው «አባ ሞቱ» ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። አባታችን አልሞቱም። ደረታቸው እንደ አሮጌ ወናፍ እየተነፋ በሩ አጠገብ ተኝተዋል። ሐኪሙ የድንጋይ ብናኝ ነው አለን፤ ያን ለማወቅ ሐኪም ያስፈልገን ይመስል። ስልክ ያልደወልኩት በስልክ የምንባባለው ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ነው፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹስ፣ አልሐምዱሊላህ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ተሸፋፍነን ኖርን። አሁን ደክሞኛል፣ ወንድም ጋሼ። እጄም ዓይኔም ደክመዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ዝም ማለት ደከመኝ።

ዛሬም እዚያው የድንጋይ መሞረጃ መዘውር ፊት ነው የምቀመጠው። በቀኝ እጄ መዘውሩን የሚያሽከረክረውን ቀስት እየሳብኩ በግራዬ ስንጥር ድንጋይ ይዤ እሞርዳለሁ። ድሮ በአንድ ቀን ከሰርድዮን፣ ከቀዩ ድንጋይ፣ አራት የአበባ ቅጠል አወጣ ነበር፤ አሁን ለአንዷ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ እሷም ብዙ ጊዜ ስታልቅ ተሰብራ ታሳዝነኛለች። በሰፈራችን የቀሩት ሱቆች በማሽን የተቆረጠ የድንጋይ አበባ ገዝተው በቱቦ በሚሸጥ ሙጫ እብነ በረድ ላይ ይለጥፋሉ። ቱሪስቱ እንደሆነ ባትሪ ሲበራበት ቀዩ ድንጋይ እንደ ፍም ከጋመለት ይበቃዋል፤ ዋጋ ተከራክሮ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እኔ የሠራሁትን ሁሉ ሰው የሚያውቀው የአባ ሥራ ብሎ ነው። ይህን ለቅሬታ አላነሳሁትም፤ ለምጄዋለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ባንሲዳር ጠረጴዛ ነው። አንተ ሃያ አራት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ ሰባት። ብረት ነጋዴው ባንሲዳር ለሴት ልጁ ሠርግ ክብ የእብነ በረድ ጠረጴዛ አዝዞን ነበር፣ ዙሪያውን የሮማን አበባ ሐረግ የሚዞረው፣ አንዱ አበባ ብቻ አርባ ሦስት ቁራጭ ድንጋይ ያለው። ሰማያዊውን ድንጋይ ከአፍጋኒስታን ያስመጣነው ለዚያ ሥራ ነበር። እብነ በረዱ ላይ የአበቦቹ ጉድጓዶች ተፈልፍለው አልቀው፣ ድንጋዮቹ ተሞርደው በየሳህኑ ተደርድረው፣ መትከል ብቻ ሲቀር የፊሮዛባዷ አክስታችን ሞተች። አባ «ጨርሰው» ብለውህ ለሦስት ቀን ሄዱ። ክረምት ነበርና መንገዱን ውሃ ቆርጦት ዘጠኝ ቀን ቀሩ። ባንሲዳር ደግሞ በየማለዳው ጃንጥላውን ይዞ እየመጣ ሠርጉ ደረሰ እያለ ደጃችንን ያንኳኳል።

በቤታችን የሙጫው አሠራር ለሴት ልጅ አይነገርም። ሴት አግብታ ስትሄድ ሙጫውንም ይዛ ትሄዳለች ይላሉ። ይኸው አግብቼ ሄድኩ፣ ባሌ ሞተና ተመለስኩ፤ ይዤው የሄድኩት ነገር ቢኖር ሳል ነው። አንተ ግን ያን ሳምንት አማራጭ አጣህ። ሙጫው ትኩስ መሆን አለበት፣ የሚተክለው እጅ ደግሞ ከጠረጴዛው መነሳት የለበትም፤ ለአንድ ሰው አይሆንም። ማዕድ ቤት ጠርተህ በሹክሹክታ ምን ምን እንደሚገባበት፣ ስንት ጊዜ እንደሚማሰል፣ ጠብታው ሲቀዘቅዝ በጥፍር ተመትቶ እንዴት እንደሚሰበር ነገርከኝ። «ሆድ ይፍጀው፣ ሸጉፍታ» አልከኝ። «አባ ከሰሙ ማደሪያ የለኝም።»

ሁለት ቀን አበሰልኩልህ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህንንም ነግሬህ አላውቅም። አንተ በአውራ ጣትህ አበባውን ዳብሰህ ጥፍር የሚይዝ ነገር ስታጣ ወደ እኔ እያየህ ትጠቅሰኝ ነበር። ጠረጴዛው ሲያልቅ ባንሲዳር ራሱ ሰባት ተሸካሚ ይዞ መጥቶ እንደ ሙሽራ አጅቦ ወሰደው።

ከሠርጉ በሦስተኛው ቀን የሙሽራይቱ አክስት መጣች። አባ ተመልሰው በሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከጠራቢዎቹ ሁሉ ጋር ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ አልጮኸችም። መሐረቧን ፈታ አባ ጉልበት ላይ ዘረጋችው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ያ ሰማያዊው፣ ሁሉም እንደ ምስር ተቀላቅሎ። «እንግዶቹ ከሩዛቸው ውስጥ እየለቀሙ አመጡልን» አለች። አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አባ ቤት ገብተው ሙጫውን ማን እንዳበሰለ ጠየቁህ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር፤ እግሬን አይተኸው እንደነበር አውቃለሁ። «እኔ ነኝ» አልክ። «ከእኔ እጅ ተምረህ እንዲህ አታበስልም» አሉ። «እኔ ነኝ፣ አባ» አልክ ደግመህ። ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ወስደውህ ማንም ሥራ እንዳይሰጥህ በሰው ፊት ተናገሩ። አንተ ወደ ኮታ ከተማ ሄደህ የወጥ ቤት ንጣፍ ድንጋይ ቆራጭ ሆንክ። እናታችን አንተን እንደናፈቀች ሞተች። እኔ ደግሞ በየዒዱ ስትደውል «ደህና ነን» አልኩህ።

ለምን አልተናገርኩም? ብዙ ጊዜ ብናገር አንተም ይብስ ትዋረዳለህ፣ ምስጢሩን ለሴት ሰጠ ይሉሃል ብዬ ራሴን አባብያለሁ። እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። መዘውሩን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ወንድሜን በመዘውር ለወጥኩ። ይህን መጻፍ ስጀምር ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ የጌጥ ሣጥን ነበረችብኝ፣ ክዳኗ ላይ አንድ አበባ ብቻ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። አባ ክረምት ላይ አትትከዪ፣ ጠብቂ አሉኝ፤ ሁልጊዜም የሚሉት ነው። እኔም ደክሞኝ ነበርና ሳላስብ «አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ በዝናብ አብስዬ ምን እንደሆነ አይቻለሁ» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አባ ዓይናቸውን ገለጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማዕድ ቤቱን፣ ሁለቱን ቀን፣ መጋረጃውን። እንዲረግሙኝ ጠበቅኩ። ወደ መዘውሬ ተመለስኩ።

ከምሽቱ ጸሎት በኋላ ጠሩኝ።

«ጠብታው ሲቀዘቅዝ በጥፍርሽ መታሽው?»

«መታሁት።»

«እንዴት ሆነ?»

«እንደ ብርጭቆ ተሰበረ።»

«እንግዲያው ሙጫሽ ደህና ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «እብነ በረዱን አሙቃችሁታል?»

«የምን ማሞቅ፣ አባ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለአንተ የነገሩህ ከሙጫው ምስጢር የበጋውን ክፍል ብቻ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። የክረምቱ ክፍል ለልጅ የሚነገረው እሱም ወንድ ልጅ ሲወልድ ነው፤ ለእሳቸውም አባታቸው የነገሯቸው አንተ ከተወለድክ በኋላ ነበር። ልጅ ሁሉንም ቶሎ ካወቀ አባቱን ጥሎ ሱቅ ይከፍታል ተብሎ ነው። ያን ጊዜ ለአክስታችን ቀብር ሲጣደፉ ክረምት መሆኑን አላሰቡትም። ሲመለሱ ደግሞ የጠረጴዛውን ወሬ ሰምተው ተናደዱ፤ ንዴታቸው ሲበርድ ምክንያቱ ገባቸው፤ ሲገባቸው ግን አንተ ሄደሃል። ይህን ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረው ነው የነገሩኝ። «እኔ አውቅ ነበር» አሉ። «በሰው ፊት ያባረርኩትን ልጅ በሰው ፊት ልጠራው አፈርኩ።»

አየህ፣ ሦስታችንም ነን ዝም ያልነው። አንተ ለእኔ ብለህ፣ እኔ ለራሴ ብዬ፣ እሳቸው ለክብራቸው ብለው። ተናድጄ ጮህኩባቸው፤ በሽተኛ ላይ ጮህኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም እጄን ያዙ።

በማግስቱ ወደ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ሴት እዚያ አግዳሚ አትቀመጥም፤ ተቀመጥኩ። የቀሩት አራት ሽማግሌዎች ናቸው። ሙጫውን ያበሰልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሙጫው ደህና እንደነበር፣ አባ ያስቀሩት ነገር እንደነበር፣ አንተ ምንም እንዳላጠፋህ ነገርኳቸው። አንደኛው ሻዩን ፉት ብሎ፣ «ሴት ናት ያበሰለችው ካላችሁ እንግዲህ ጠረጴዛው እስከ ሠርጉ መቆየቱ ራሱ ተአምር ነው» አለ። ሌሎቹ አልሳቁለትም። ትልቁ ተነስቶ የእኔን ሻይ ከፈለ። ወሬው ምሽት ላይ የሰፈሩ ሁሉ ሆኗል፤ አሁን ስምህ ንጹሕ ነው።

አባ ይምጣ አላሉም፤ «ምን ፊት አለኝ» ነው የሚሉት። ና የምልህ እኔ ነኝ። በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ፤ ብዙ ቀን ያላቸው አይመስለኝም።

የክረምቱን ክፍል ግን ጻፊለት ብለውኛል፤ ለእሱ ብቻ፣ ለሌላ እንዳትናገሪ ብለው አስጠንቅቀውኛል። እሺ አልኩ። እሺ ማለት የለመደብኝ ነው። አንተ ሁለት ሴቶች ነው የወለድከው፤ በቤታችን ሥርዓት ቢሆን ይህ ነገር እስክትሞት አይነገርህም ነበር። ስለዚህ ስትደርስበት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለልጆችህ አንብብላቸው።

ዝናብ ሲሆን፣ ሙጫውን እሳት ላይ ከመጣድህ በፊት እብነ በረዱን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ከጠዋት እስከ ማታ አቆየው። ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። በመዳፍህ ስትነካው የሰው ሰውነት ያህል ሲሞቅ፣ ያን ጊዜ ትከል።

ይኸው ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሌላ ምንም የለውም።

ሙጫውን ያበሰልኩት እህትህ፣
ሸጉፍታ