በነጋሳ ደም ያየሁት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አብተው፤ መሐል ሜዳ።

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የእማዬስ ወገብ ተሻላት? ውርጩ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም።

ባለፈው ያስጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳገት ሲወጡ ደረትዎን እየጨመደደ ግራ እጅዎን ያደነዝዝዎታል፤ ብርድ ነው ብለው በቅቤ እየታሹ ነው። አባባ፣ እኔ ብርድ አልመሰለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ እግረ መንገዴን ትንሽ ብኮራም ይቅር ይበሉኝ።

ላቦራቶሪ የገባሁ ጊዜ «የሰው ሽንት ልትሰፍር ነው ናዝሬት ድረስ የወረደችው?» ማለትዎን እማዬ ነግራኛለች። ይኸው ሰፋሪዋ ልጅዎ በኅዳር ያደረገችውን ይስሙ።

ነጋሳ የሚባል፣ ከወለንጪቲ ጤፍ የሚያመላልስ ሾፌር ደረቱን ይዞ ክሊኒካችን መጣ። ከሦስት ቀን በፊት መሪ ላይ እንዳለ ላብ አጥምቆት፣ ኋላም አተኩሶት ነበር። ላብና ትኩሳት ሲባል የዚህ ቆላ ሰው የሚያውቀው ወባን ነውና እሱም ክሎሮኪኑን ውጧል፤ ቁስል አጣቢውና መርፌ ወጊው ድሬሰራችን ጋሽ ሐዲስም ያንኑ ጨምሮ ሊሸኘው ነበር። እኔ ግን ደሙን በማይክሮስኮፕ ባየው ባየው ወባ የለም።

ደሙን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አቆምኩት። ቱቦው አንድ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር ካለ ቀዩ ደም ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ከአሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ የነጋሳ ስልሳ ወረደ። ጋሽ ሐዲስ «ቱቦሽ ዘሞ ነው» አለኝ። የዘመመ ቱቦ እንደሚዋሽ እውነት ነውና እንደገና ልሠራው ተነሣሁ። ዕለቱ ግን ሠራተኛው ሁሉ ለፖለቲካ ትምህርት የሚሰበሰብበት የውይይት ክበብ ቀን ነበር፤ መቅረት የለም። ነጋሳም ጤፉ መኪና ላይ ነው፣ ልሂድ ይላል። ተቆጥቼ አግዳሚው ላይ አስተኛሁትና ቱቦው ፊት ቁጭ አልኩ። ሁለተኛው ስልሳ ሁለት ሆነ።

ወረቀቱን ይዤ ስብሰባው መሐል ገባሁና የክሊኒካችንን ዶክተር አስወጣሁት። ምርመራው ብቻውን የልብ ሕመም ነው አይልም፤ ዶክተሩ ግን ቁጥሩን ከደረቱ ሕመም ጋር አገናኝቶ ወዲያው አዲስ አበባ ላከው። እዚያ በመሣሪያ ሲያዩት ልብን ራሷን የሚመግበው የደም ሥር ጠቦ፣ ከፊሉ የልቡ ሥጋ ደም አጥቶ ተጎድቶ አገኙት። ያን ቀን መሪ ቢጨብጥ ኖሮ ሞጆም አይደርስም ነበር አሉ።

እኔማ ስብሰባ አውከሻል ተብዬ በሳምንቱ ግለሂስ አደረግሁ። ስሕተቴን አምናለሁ አልኩ፤ ሆዴ ግን አላመነም። ጋሽ ሐዲስ ከኋላ ተነሥቶ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ባትደግመው ሰውዬው ይሞት ነበር ሲል እንባዬ መጣ። ባለፈው ቅዳሜ ነጋሳ ከሚስቱ ከሽታዬ ጋር በእግሩ መጣ። እሷም በኦሮምኛ «ገላቶሚ» እያለች፣ እያመሰገነችኝ፣ ሦስት ልጆቿን አንድ በአንድ አሳመችኝ። ኮራሁ አባባ፤ በጣም ኮራሁ።

ነጋሳ እንደነገረኝ፣ ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ ጆንያ ሲያነሣ ይሰማው የነበረው ሕመም እርስዎ ካስጻፉት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ዳገቱን ይተዉት። እስከ መኪናው በበቅሎ ይሂዱ፤ የየካቲት ሚካኤል ማግስት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ዶክተሩም ለአዲስ አበባ ሐኪሞች ደብዳቤ ጽፎልኛል። ሥራ ይፈታል እንዳይሉኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ። እትዬ ቡዜን ከነልጆቿ ሰላም በሉልኝ። ወንድሜ ኃይለየሱስ፣ አንተንም በጣም ናፍቄሃለሁ፤ የሚቀጥለውን ጮክ ብለህ አንብብላቸው። አባባ፣ የማላውቃቸውን ልጆች አባት አትርፌ የራሴን አባት ብርድ ነው እያልን ካጣሁ፣ ይህን ነጭ ጋዋን ዳግመኛ አልለብሰውም።

ልጅዎ ወሰንየለሽ አብተው
ናዝሬት፣ ጥር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.