የሐሙስ ማታ ውሃና የእጅህ ሰዓት

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ይኸው ሁለተኛውን ሽንኩርት ያለ አንተ ተክለናል። ሰደቃህ በሥርዓቱ ወጥቷል። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ቢያማትም አፏን አላመማትምና እንደ ድሮው ሁላችንንም ታዛለች። ከኮምቦልቻ ወደ ማሳችን የሚወርደው መንገድ ጠጠር ፈሶበት አሁን ባጃጅ እስከ ቦዩ ድረስ ይገባል። ያን ሁሉ ዘመን በእግርህ ከተመላለስክበት በኋላ መሠራቱ ትንሽ ያናድደኛል።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ስለ ሰዓትህ ነው። አሁን እኔ ነኝ የማስረው።

ደሴ ፒያሳ ስትገዛው አብሬህ ነበርኩ። ነጋዴው የሚያብለጨልጭ የብረት ሰዓት ሲያቀርብልህ፣ ይሄ ለሰርግ ነው፣ እኔ የምውለው ጭቃ ውስጥ ነው ብለህ ጥቁሩን ርካሽ የላስቲክ ዲጂታል አነሳህ። ውሃ አይገባውም ሲልህ አላመንከውም። ሰውየውም ሊጠጣው ከቀዳው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከቶ አሳየህ። ከፍለን ስንወጣ ያንኑ ውሃ ረስቶ ሲጠጣው አይተን እስከ መናኸሪያ እየሳቅን ሄድን።

ያ ርካሽ ሰዓት ያልደረሰበት የለም። ቦዩ በጎርፍ ሲደፈን ክንድህን እስከ ብብትህ ከተህ ቅጠልና ድንጋይ ስታወጣ አብሮህ ይጠልቅ ነበር። አካፋ መትቶት ፊቱ ተጭሯል፣ ፀሐዩ ጥቁረቱን አንስቶ አመድማ አድርጎታል። ማሰሪያው ሲበጠስ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠህ ሠራህለት፤ እማ ይሄ ሰዓት ነው ወይስ ጫማ ብላ ስንት ቀን አሾፈችብህ። አንተ ብቻ አልሰማህም፣ ሰዓቱም አልሰማም።

ለውሃ አባትነት የመረጡህ ገበሬዎች ውሃውን በተራ ስታዳርሳቸው ያመኑህ ሰዓቱን በሞላህበት ብልሃት ይመስለኝ ነበር። በእኛው አቆጣጠር ሞልተህ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው የቀኑ ስም እንዲለወጥ አደረግከው። ለእኛ ቀኑ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ ነው፤ የጁምዓ ሌሊት የሚጀምረው ሐሙስ ማታ ነው። ይህ ከፈረንጅ አገር የመጣ ሰዓት ይህን ማወቁ ያስደስትህ ነበር። አስረካቢውና ተረካቢው ግራና ቀኝህ ቆመው ወደ እጅህ ያጎነብሳሉ። የቀኑን ስም በፈረንጅ ፊደል ማንበብ የሚችል ጥቂት ነው፤ መለወጡን ግን ሁሉም ያያል። ፊደሉ ሲለወጥ አንዱ የቦዩን አፍ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል። በአንተ ጊዜ በውሃ ሰበብ ሰው ሲጣላ አላስታውስም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ገበሬዎቹ ተሰብስበው ማን ይተካ ሲባባሉ ዋሉ። አንዱን ሲያነሱ ሌላው አይሆንም ይላል። በመጨረሻ ሰዓቱን የያዘችው እሷ ናትና ለጊዜው ዘይነብ ታዳርስ አሉ። የማሳ ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ደግሞ "ለጊዜው መሆኑ ይሰመርበት፣ ወንድ እስኪገኝ ነው" ብለው አሰመሩበት። እኔም በሆዴ እናያለን አልኩ።

ዘንድሮ አንድ ሐሙስ ጠዋት ባትሪው አለቀና ኮምቦልቻ ሰዓት አዳሽ ጋ ወሰድኩት። ባትሪውን ቀይሮ በእኛው አቆጣጠር ሞላልኝ። ቀኑ ማታ ይለወጥ ጠዋት እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

ሐሙስ ማታ ውሃውን ከጋሽ ይማም የምንረከበው እኛ መሆናችንን ታውቃለህ። የዚያኑ ዕለት የመግሪብ አዛን ተባለ፤ ሰዓቱ አሥራ ሁለትን አለፈ፤ ፊደሉ ግን ፍንክች አላለም። ጋሽ ይማም አጎንብሰው አዩና "አልተለወጠም ልጄ፣ ውሃው ገና የኔ ነው" አሉ። ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። ማታና ጠዋቱ ተገላብጦ ስለተሞላ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ቁልፎቹን ብነካካ ይስተካከላል። ግን ሰዓቱን የያዝኩት እኔ፣ ውሃውን የምረከበው እኔ። እዚያው ቆሜ ብነካው፣ ለራሷ ጠመዘዘችው መባሉ አይቀርም። ያንን ቃል አንዴ ከተባልኩ ማንም ሁለተኛ ወደዚህ ሰዓት አያጎነብስም፤ የአንተም ስም አብሮ ይነሳል። ሽንኩርታችን ውሃ ጠምቶት ቅጠሉን ጥሎ እያየሁ፣ "ልክ ነዎት ጋሽ ይማም፣ ያጠጡ" ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

እማ ያላለችኝ የለም። "የአባትሽን ሰዓት አስረሽ የአባትሽን ማሳ አደረቅሽው" አለችኝ። አባዬ፣ እንደዚያን ቀን ፈልጌህ አላውቅም።

በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ገበሬዎቹ ተሰብስበው ሳሉ ሰዓቱን አውልቄ መሃላቸው አስቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉም እያዩኝ አስተካከልኩት። ጋሽ ይማም አቀርቅረው ሰሙ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቦዩ ላይ ስደርስ አዛን ገና ነበር። ጋሽ ይማም በኩላቸው ያለውን አፍ ቀድመው ዘግተው፣ ውሃው ወደ እኛ ትልም እየወረደ አገኘሁት። እንዲያዩልኝ እጄን ብዘረጋ፣ "እጅጌሽን መልሺው" አሉኝ። "ያባትሽንም ቢሆን ያየነው መጀመሪያ መጀመሪያ ነው። ኋላማ ደስ እንዲለው ብለን ነበር የምናጎነብሰው። ወላሂ እሱ ውሸት ቢለን ኖሮ ሰዓቱ ምን ያደርግልን ነበር?" አሉና ለሰላት ታጥበው ዉዱእ ሊያደርጉ ቦዩ ዳር ተቀመጡ።

ይቅር በለኝ፣ ብቻዬን ሳቅኩብህ። ያን ያህል ዘመን እንዳያሳዝኑህ ብለው እያጎነበሱ፣ አንተ ደግሞ ሰዓቴን አመኑልኝ እያልክ ደረትህን ነፍተህ ኖርክ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ያወረስከኝ ሰዓቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር አባዬ። እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ቀብርህን በኑር ይሙላልህ።

ከዚያ ወዲህ ወንድ ይፈለግ ያለ ሰው የለም። በየሐሙሱ ውሃው ከተላለፈ በኋላ እዚያው ቦዩ ዳር ቆሜ ፋቲሓ እቀራልሃለሁ፤ በሕይወት እስካለሁም አላቋርጥም። ጋሽ ይማም ከማሳቸው ማዶ ሆነው አሚን ይላሉ።

ልጅህ ዘይነብ