ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ

ኅዳር ፪፣ ሰኞ። ከጧቱ ፲፪ ሰ. ተኩል

ተላጨሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። ወፍጮው ሳይነሣ መስኮት መዝጋት የእኔ ሥራ ነው። ሰናይት ደግሞ ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ ትወትፋለች። እንደዚያም ሆኖ ቀትር ላይ አንሶላው ቀይ ነው። የአቶ ዘበርጋ በርበሬ ወፍጮ ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከተከፈተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ልጃችን ምሥራቅ ማሳል ከጀመረች ዓመት ከአራት ወር።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ያያት ሐኪም ነገሩን አላስጌጠውም፦ መድኃኒቷ አየር ነው፣ ከዚያ ሠፈር አውጧት። ሰናይት የሐኪሙን ቃል እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ቦሌ የሚከራይ ቤት አግኝታለች፤ ባለቤቱ አብራት የምታስተምር የአንዲት መምህርት ዘመድ ነው። ኪራዩ የደመወዜን ግማሽ ይበላል። የእሷ ሲታከል ይቻላል ትላለች። ይቻላል። ሰውዬው መልስ የሚፈልገው እስከ ወሩ አጋማሽ ነው።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ፦ ልጄ እንድትተነፍስ እፈልጋለሁ። እናቴንም ጥዬ መሄድ አልችልም። የቀረው ዝርዝር ነው።

ኅዳር ፫፣ ማክሰኞ። ከእራት በፊት

ለእናቴ ነገርኋት። ከለቅሶ ቤት ገና መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ሐኪሙን፣ አየሩን፣ ቤቱን፣ ለእሷ የታሰበውን ክፍል፣ ሁሉን በቅደም ተከተል አቀረብሁ። እንደ ዜና። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እድሬስ?»



ነገሩን ልጻፈው። እድሩ በእኔ ስም ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ አባወራው እኔ ነኝ፤ እናቴ፣ ሰናይትና ምሥራቅ በእኔ ጥላ ሥር ናቸው። እኔ ከወጣሁ አራታችንም ወጣን። የእድሩ ጸሐፊም እኔ ነኝ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፤ ጋዜጣ ላይ የሚሠራ ሰው ይጻፍልን ብለው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ አባላችን ከተማ ዳር ቪላ ተከራይቶ ገባ፤ እዚያው ሞተ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን በጋሪ ጭነን በክረምት ዝናብ ከጎጃም በረንዳ እዚያ ድረስ ሄድን። ዘበኛው በር አልከፍትም ብሎ ሲያጉላላን ቀብሩ አለፈ። ሰው ተቆጣ። ደንብ ይውጣ ተባለ፤ አረቀቅሁ። «ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ቤት የያዘ አባል ከዚያው ቀን ጀምሮ ከነቤተሰቡ ከእድሩ ተሰናብቷል።» ተጨበጨበልኝ። አጭር፣ ግልጽ፣ ለክርክር የማይመች። እንደዚያ ነው መጻፍ የምወደው።

እናቴ ሞትን አትፈራም። የምትፈራው ቀባሪ ማጣትን ነው። በዚህ ሠፈር አርባ ዓመት ያላለቀሰችበት ድንኳን የለም። አሁን ተራዋን ነው የምትጠብቀው።

ኅዳር ፮፣ ዓርብ። ከቀኑ ፱ ሰ.

ከመ/ቤት ቀደም ብዬ ወጣሁ። የፊት ገጹ ያው ነው፤ ግርማዊነታቸው የአንድ አገር አምባሳደር ተቀበሉ። ማዕረጉን በትክክል ጽፌ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም ጠብቄ፣ ለሳንሱር ላክሁ። እዚያ ላይ አልሳሳትም።

ጋሽ ናስር ሱቅ ሄድሁ። ሸራና ገመድ ነጋዴ ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ። ከጁምዓ መመለሳቸው ነበር። ሻይ አስመጡልኝ። ለአንዲት አሮጊት ልዩ አስተያየት ይደረግ ብዬ አስረዳሁ። የደንቡን ግልባጭ ከመሳቢያ አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጮክ ብለው አነበቡ። ገመድ የሚያስለኩ ሁለት ሰዎች እየሰሙ።

«መኮንን ወንድሜ፣» አሉ፣ «ትናንት እናትህ ሹክ ብለውኝ ቀዳዳ ስፈልግለት ነው ያመሸሁ። የለውም። እንዴት አድርገህ ነው የደፈንከው?»

አንደኛው ገመድ ገዢ «ጋዜጠኛ እኮ ነው!» አለ።

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን አደርጋለሁ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ። ዐምና የወጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት እንዲሁ ለምነው በደንቡ ተከለከሉ። ለእነሱ የከለከልነውን ለጸሐፊው እናት ብንፈቅድ ሰው ምን ይለናል? የእምቢታውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አስታወስሁት። ጥሩ ደብዳቤ ነበር።

ኅዳር ፰፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ

ሁላችንም ቦሌ ደርሰን መጣን። በሴይቼንቶ ታክሲ፣ ተጨናንቀን፤ እናቴ ከፊት። ቤቱ ጥሩ ነው። አጥር አለው፣ ሣር አለው፣ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው። ምሥራቅ ግቢውን ሦስት ጊዜ በሩጫ ዞረች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ አላሳለችም። ሰናይት ሰዓቴን ሳይ አየችኝ።

እናቴ ክፍሏን ለማየት አልገባችም። በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆማለች። ይህን ቃል በቃል ልጻፈው።

«ጎረቤታችሁ ማነው ልጄ?»

«ፈረንጅ ነው እማማ።»

«ወዲያኛውስ?»

«ስማቸውን አላውቅም። መኪናቸውን ግን አውቃታለሁ፣ ነጭ ፔጆ ናት።»

«ሰው ሲሞት ማን ይነግራችኋል?»

ዘበኛው አሰበ። «ጋዜጣ ላይ ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጋዜጣ ሬሳ ይሸከማል?»

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። ሥራዬን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የሐዘን ማስታወቂያው ጥቁር ክፈፍ ምን ያህል እንደሚሰፋ እንኳ አውቃለሁ።

ስንመለስ ሰናይት ሞከረች። «እማማ፣ እዚያም እድር እናቋቁማለን እኮ።»

«ከማን ጋር ልጄ? ከፔጆዋ ጋር?»

ሰናይት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። 

ኅዳር ፲፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት

አንድ መንገድ ቀርቶኝ ነበር፤ ሞከርሁት። ዘበርጋን ለማናገር ወፍጮ ቤት ገባሁ። ዘበርጋ እዚሁ ሠፈር በኩሊነት ጀምሮ ነው ለዚህ የበቃው፤ የእድሩ ነባር አባል ነው። ወፍጮውን ሌላ ቦታ እንዲያዛውር ለመንሁት።

«ወዴት ልውሰደው ጋሼ መኮንን? ቦሌ?»

ቀልዶ አፈረ። የቤቱን ኪራይ የሦስት ዓመት ቀድሞ ከፍሏል። ስለ ምሥራቅ ሲያወራ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። በግድግዳችን ዙሪያ ሸራ እንዲዘረጋ ከጋሽ ናስር ገዝቶ አስቀምጧል፤ ዛሬ እሰቅለዋለሁ አለ። ሸራ አቧራ አያቆምም። እሱም ያውቃል።

እናቴ እዚያው ነበረች፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ በርበሬዋን ታስፈጫለች። «አልደቀቀም፣ ድገመው» ትለዋለች፤ ይደግመዋል። ሰናይት በዚህ በኩል ጨርቅ ትወትፋለች፤ እናቴ በዚያ በኩል ታስፈጫለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ መካከላቸው ያለሁ ግድግዳ ነኝ።

ኅዳር ፲፪፣ ሐሙስ። ከጧቱ ፬ ሰ.፣ ሆስፒታል

ቀኑን ረሳሁት። እኔ! በየገጹ አናት ቀን የምጽፍ ሰው። ኅዳር ሲታጠን። ከንጋት ጀምሮ ሠፈሩ ቆሻሻውን እየጠረገ በየደጁ አቃጠለ። ከአትክልት ተራ የበሰበሰ ጎመንና የሣጥን ስብርባሪ፣ ከእኛ ጓሮ ጆንያና ገለባ። በሽታ ይውጣ እየተባለ። ጢሱ ከበርበሬው ጋር ተደባልቆ ቤት ገባ። ምሥራቅ ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቆረ። ሰናይት አልጮኸችም፤ አንሥታት ሮጠች፣ በባዶ እግሯ። እኔ ከኋላ።

ዘበርጋ በርበሬ እንደለበሰ ከወፍጮ ቤት ወጣ፤ የጭነት መኪናውን አስነሣ። ያደረሰን እሱ ነው። እናቴ አጠገቡ ሆና «ቶሎ በል ዘበርጋ፣ ቶሎ በል የኔ ልጅ» ትለዋለች።

አሁን ኦክሲጅን ላይ ናት። ተርፋለች ይላሉ። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው፤ ያንኑ ደገመ፣ አሁን በቁጣ። ዘበርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እጅጌውን ቢያራግፍ ነርሷ አስነጠሳትና አስወጣችው። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። እንዴት ብዬ።

ኅዳር ፲፫፣ ዓርብ። መ/ቤት

ደኅና አደረች። ሰናይት አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። ልጅቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ወደዚያ ቤት አትመለስም። ለጊዜው የሰናይት እናት ቤት፣ ከዚያ ቦሌ። ከእኔ ጋር ወይም ያለ እኔ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

የእድሩ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እሑድ ስብሰባ ስላለ አመጣሁት። ከደንቡ በታች ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ አለ። «አሮጊት እናትን አይመለከትም።» ሦስት ቃል። ቀለሙ የእኔ፣ ጽሕፈቱ የእኔ። ብዕሩን ከፈትሁ። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ የሚታረም ወረቀት ይዞ ገባ። ዘጋሁ። ሲወጣ መልሼ አልከፈትሁትም። ሐቀኛ ስለሆንሁ አይደለም። ጋሽ ናስር መሳቢያ ውስጥ ግልባጩ እንዳለ ትዝ ብሎኝ ነው።

ኅዳር ፲፬፣ ቅዳሜ።

የቤታችንን እህልና ልብስ ለሁለት ብከፍለው? እኔ ከእሷ ጋር ብቀር፣ እነሱ ቢሄዱ? በሳምንት ሁለት ቀን ቦሌ? ለሰናይት ነገርኋት። ከሆስፒታል ልታስወጣት ልጅቷን እያለበሰች «እሺ፣ አስብበት» አለችኝ። ለተማሪ እንደሚባለው።

የምለምንበት ንግግር ጻፍሁ። አንድ ገጽ። አራት ጊዜ አሳጠርሁት።

ኅዳር ፲፭፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ

ጾም ገባ። ስብሰባው ከቅዳሴ መልስ፣ ጋሽ ናስር መጋዘን። ሠላሳ የሚሆን ሰው በሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጧል። እኔ በጸሐፊው ጠረጴዛ፣ ንግግሩ ኪሴ ውስጥ። ከሌሎች ጉዳዮች በኋላ እነሣለሁ ብዬ ነበር።

እናቴ ገባች። እዚያ ስብሰባ ሴት የምትገባው ባሏ ሞቶ በስሟ ስትመዘገብ ብቻ ነው። አባቴ ሲሞት እንኳ እኔ ስለነበርሁ አልገባችም። ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች። ጋሽ ናስር ተነሡላት።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ልመዘገብ መጣሁ።»

«በማን ስም?»

«በስሜ። ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ። ከድልድዩ ወዲህ ነኝ። ደንቡ ይከለክላል?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አይከለክልም አልሁ። ድምፄ ሲወጣ ሰማሁት።

ጋሽ ናስር ዋስ ጠየቁ። አዲስ አባል ነባር ዋስ ያስፈልገዋል። ለመዋጮው ብቻ አይደለም። ስትታመም የሚጠይቃት፣ አልነሣ ስትል መጀመሪያ በሯን የሚያንኳኳ እሱ ነው። እጄን አነሣሁ። ጋሽ ናስር እጄን ጥቂት አዩት።

«አንተማ መንገደኛ ነህ መኮንን። አውርድ።»

አወረድሁ።

ዘበርጋ ከኋላ ተነሣ። «እኔ አለሁ። ግድግዳችንም አንድ ነው፤ ቢደክማቸው እሰማለሁ።»

«በዚያ ወፍጮ ጩኸት ምኑን ትሰማለህ አንተ!» አለ አንዱ።

መጋዘኑ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። «ካልሰማ በዘነዘና ግድግዳውን እደበድባለሁ» አለች።

ጸሐፊው ይጻፍ ተባለ። ጻፍሁ። አዲስ አባል፦ ወ/ሮ ጥሩወርቅ። ዋስ፦ አቶ ዘበርጋ። ከሥሩ፣ ተሰናባች፦ ስሜን። መዝገቡን ለአዲስ ጸሐፊ እንዳስረክብ ቀን ተቆረጠልኝ። 

ወደ ቤት ስንሄድ ለምን አስቀድማ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ደጃችን ስንደርስ መለሰችልኝ።

«አንተ አስበህ እስክትጨርስ ልጅቷ ትለቅብኝ?»

ከዚያ ክንዴን ያዘች። ምንም አይደለም አለች። በለቅሶዋ ቀን ተቀምጬ አለቅሳለሁ፤ ድንኳን የሚሸከም ሰው ሞልቷል። ልታጽናናኝ ነው። እኔን!

ንግግሩ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነበር፣ አንድ ገጽ አደረስሁት።

ኅዳር ፲፮፣ ሰኞ። ከጧቱ ፫ ሰ.

ከመ/ቤት ለቦሌው ሰውዬ ደወልሁ። ረቡዕ ቁልፉን ይሰጠናል።

ወደ ሰናይት እናት ቤት ሄድሁ። ምሥራቅ ተኝታለች፤ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፣ ያፏጫል፣ ግን ቀለል ብሏል። ሰናይት በሩን ይዛ ቆማ «እሺ ተባለ ወይስ እምቢ?» ብላ ጠየቀችኝ። እሺ ተባለ አልኋት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

ማን እንዳለው አልጠየቀችኝም።