ያላረምሁት ምርቃት

ፍኖተ ሰላም፣ ማክሰኞ

እህት ዓለም ሠርክአዲስ፣

ካርዱ ላይ ያለውን ፏፏቴ አይተሽ እንዳትቀኚብኝ፤ እኔ ያየሁት የአልትራሳውንድ ክፍሉን በር ብቻ ነው። የማርገዣውን መርፌ በየቀኑ እወጋለሁ፤ በየሁለት ቀኑ ደግሞ ሐኪሙ እንቁላሏ ምን ያህል እንዳደገች ይለካል። ዛሬ «አሥራ አራት ሚሊሜትር ደርሳለች፤ ትንሽ ይቀራታል፣ ሐሙስ ተመለሽ» አለኝ።

ወረፋው ላይ ከእኔ በቀር ሁሉም ነፍሰ ጡር ነው። እያንዳንዷ ባሏን ወይ እናቷን ይዛ መጥታለች። የእኔው ባል ገደፋው ውቂያውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ እኔ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ነጠላዬን አስቀምጣለሁ። ቡሬ ሳለሁ ከቤት እስከ ወፍጮ አሥር ሰው «ወዴት ነው?» እያለ ሲያደርቀኝ እናደድ ነበር። እዚህ አምስት ቀኔ ነው፤ ወዴት ነው የሚለኝ ሰው አማረኝ።

ዛሬ ስወጣ ልጃቸውን ለምርመራ ያመጡ አንዲት እናት በመርፌው የተነፋ ሆዴን አዩና እጄን ይዘው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ነፍሰ ጡር መስያቸው ነው። በዘጠኝ ዓመት ትዳሬ ይህን ማንም ብሎኝ አያውቅም። አላረምኋቸውም። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልሁ።

ካርዱን በፖስታ አሽጌ ለቡሬው አውቶቡስ ሾፌር የምሰጠው ጉዳዩን ከባሌና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ነው። አማቴ ከጠየቁሽ ጸበል ላይ ነች በያቸው። ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለት ጊዜ። ቦታው አለቀብኝ።

ሐሙስ ሴትዮዋ ከመጡ አጠገባቸው ነው የምቀመጠው።

ወይኒቱ