ያለ አንተ የወጣሁበት ዳገት

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለአምባው፦

እንደምን ከረምክ? ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለን።

አርባህን ቅዳሜ አወጣን። የቦኬ ዘመዶቻችን ሁሉ መጡ፤ ጎረቤታችን ሐምዛም ሱቁን ዘግቶ ድንኳን ሲተክል ዋለ።

የስፖርት መምህራችን ጋሽ ኃይለገብርኤል፣ ለአዲስ አበባው ማራቶን አንተ በተመዘገብክበት ቦታ እኔን አስገቡኝ። «የአምባው ወንድም ስንፍና አያምርበትም» አሉኝ። እማዬ አልከለከለችኝም። ልምምድ ላይ ደረትህን ይዘህ የወደቅክ ቀን ሐኪሙ «ሕመሙ አብሮት የተወለደ ነው» ሲሏት፣ ዘወር ብላ ያየችው እኔን ነበር። አሁን ውኃ ቀድቼ ስገባ ሥራዋን አቁማ ትንፋሼን ታዳምጣለች።

እሷም፣ ጋሽ ኃይለገብርኤልም ሰላም ብለውሃል።

ናፋቂህ ተሻለ

አንድ ነገር ሳልነግርህ ላሽገው ነበር። ትናንት ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ለልምምድ ወጣሁ። በገለምሶ መንገድ ዳገቱን አጋምሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫት ጭና ወደ ገበያ የምትወርደው ሳፊያ አህያዋን አቆመችና፣ «ያ ጉርባ! አንተ ልጅ፣ ወንድምህ እዚህ ጋ ይዘፍን ነበር እንጂ መቼ ይቀመጥ ነበር?» አለችኝ።

«ጫማዬን እያሰርኩ ነው» አልኳት።

ያደረግኩት ኮንጎ ነበር፤ ማሰሪያ የለውም። እግሬን አየት አደረገችና ቀልዷን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። እስክነሳ ድረስ ስለ ገበያው ብቻ አወራችኝ።